እህትማማች ከተሞች

ዓርብ ከሰዓት ነበር። መቼም ስዌይለህ ውስጥ ዓርብ ማለት ለእኛ ቡና ማለት ነው። እረፍት ያላት ሁሉ ወደ አንዷ ቤት ትመጣለች፤ እረፍት የሌላት ደግሞ ሰሃን እያጠበች ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ የእኛን ጫጫታ ታዳምጣለች። ቶናው እየተቀዳ ሳለ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿ ከስልኳ ላይ ቀና ብላ፣ «ባህር ዳር እኮ አሜሪካ ውስጥ እህት አለቻት! ክሊቭላንድ የምትባል ከተማ» አለች።

«እህት ካለቻት ታዲያ ለምን ብር አትልክላትም?» አለች ስኒ የምታለቀልቀዋ።

«ኢቃማዋ አልቆባት ይሆናላ!» አለች ሌላዋ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፤ ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ስለሆነች ሳይሆን አይቀርም ከሁሉም በላይ የሳቅኩት። ማታ ጋደም ስል ግን ያ ቀልድ ተመልሶ መጣብኝ። እህት የሚለውን ቃል ሰምተን መጀመሪያ ያሰብነው የሚላክ ብር ነው። ቀጥሎ ያሰብነው የመኖሪያ ወረቀት ነው። እህትነት ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ ረስተነው ይሆን? ወይስ ድሮውንም ይኸው ነው? እስቲ አብራችሁኝ አስቡበት።

ልጅቷ ያነበበችው እውነት ነው። ክሊቭላንድና ባህር ዳር ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ናቸው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እዚህ የምንሠራውም የምንቀጣውም በእነሱ አቆጣጠር ስለሆነ)። ባህር ዳር ብቻም አይደለችም። አክሱም ከ1995 ጀምሮ ከዴንቨር ጋር ናት፤ ዴንቨር ውስጥ በአክሱም ስም የሚጠራ መናፈሻ አለ። አዲስ አበባ በ2004 ከጀርመኗ ላይፕሲግ፣ በ2013 ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ተዛምዳለች። ጎንደር ከሜሪላንዷ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጋር። አሁን ያለንባት አማንም ብትሆን ብቸኛ አይደለችም፤ ከ2004 ጀምሮ የሺካጎ እህት ናት።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ከንቲባዎች ይፈራረማሉ፣ ባንዲራ ይቆማል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው እንደ ሰዎቹ ነው። አንዳንዱ ጋ ተማሪና ሐኪም ይለዋወጣሉ፣ መጽሐፍና የሆስፒታል ዕቃ ይላካል። አንዳንዱ ጋ ከንቲባው ሲቀየር ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ፍርድ ቤት የሚያቆም ውል አይደለም። እንደ ማኅበራችን ነው በሉት፤ የሚይዘው ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ስሙም እንደየአገሩ ነው። ፈረንሳዮች መንትያ ይሏቸዋል፣ ሩሲያውያን ወንድማማች፣ ጀርመኖች ደግሞ ልክ እንደ ንግድ ሸሪክ። እኛ ከተማን «እሷ» ስለምንል ነው መሰለኝ እህትማማች የሚለው ለጆሯችን የተመቸው። ቃሉ ቆንጆ ነው። ቆንጆ ቃል ግን ያስፈራኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የነካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሆነው ነው። የእንግሊዟ ኮቨንትሪ በኅዳር 1940 በአንድ ሌሊት በጀርመን አውሮፕላኖች ነደደች። ከሁለት ዓመት በኋላ የሩሲያዋ ስታሊንግራድ ቤት ለቤት በሚደረግ ውጊያ ፈራረሰች። በዚያን ጊዜ የኮቨንትሪ ሴቶች ምን አደረጉ መሰላችሁ? በአንድ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ስማቸውን በክር ጠልፈው፣ ከሳንቲም መዋጮ ጋር ለስታሊንግራድ ሰዎች ላኩ። 830 ሴቶች። በ1944 ሁለቱ ከተሞች በይፋ ተዛመዱ። ዛሬ ዓለምን የሞላው የእህትማማች ከተሞች ነገር ከዚያ ወዲያ ነው የተስፋፋው፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጊዜ በ1956 ነው በሰፊው የያዙት።

ጥልፍ የምትችሉ ታውቁታላችሁ፣ አንድን ስም በክር ለመጻፍ ስንት ጊዜ መርፌው እንደሚገባና እንደሚወጣ። እነዚያ ሴቶች እህል አልተረፋቸውም፤ የራሳቸው ቤት ፈርሷል። የላኩት ስማቸውን ነው። ሁለቱም ወገን ተቃጥሏልና ማንም ከማንም በላይ ሆኖ አልቆመም።

የክሊቭላንድና የባህር ዳር ነገር ግን እንዲህ አይደለም። አንዷ ሀብታም አገር ውስጥ ያለች ናት፣ ሌላዋ እኛ የምናውቃት። ይህን ሳነሳ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች አንዲት ጓደኛችን ወዲያው ቆረጠችው፤ «እኩል ያልሆኑ እህትማማች አይሆኑም። ያ እርዳታ ነው፣ ስሙን አሳምረውት ነው እንጂ» አለች። አባባሏ ልክ ይመስላል። እኔ ግን አልተቀበልኳትም። የእናት ልጆች መቼ እኩል ሆነው ያውቃሉ? ታላቂቱ ታናሿን አዝላ ታሳድጋለች። አንዷ ትማራለች፣ አንዷ ትቀራለች። አንዷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ አንዷ እናት ታስታምማለች። እህትነትን የሚያፈርሰው የኑሮ መበላለጥ ቢሆን ኖሮ በእኛ አገር አንድም እህት ባልተረፈች።

ታዲያ የሚያፈርሰው ምንድን ነው? የራሴን ልንገራችሁ።

ባህር ዳር ታናሽ እህት አለችኝ። ልጆች ሳለን ምላሷ እሳት ነበር። ጎመን ሳልከትፍ ከተገኘሁ «አንቺ ሰነፍ!» ብላ ሠፈር ትሰበስብብኛለች። እዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን 100 ዲናር ከላክሁላት ቀን ጀምሮ ግን ያ ምላስ ጠፋ። «እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺ እንዳልሽ» ብቻ ሆነ። አንቱ ልትለኝ ምንም አልቀራት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ መከበር የማይወድ የለም። የቤቱን ቀለም እኔ መረጥኩ። የወንድማችንን ትምህርት ቤት እኔ ወሰንኩ፣ ከ10 ዓመት በላይ ያላየሁትን ልጅ። ማንም አይ አላለኝም።

ከዚያ እማዬ ዓይኗን ታመመችና ኦፕሬሽን አስፈለጋት። ብሩን በሁለት ቀን ውስጥ ላክሁ። ከላክሁ በኋላ ሦስት ሳምንት አልደወልኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ የማዳም ልጅ ሠርግ ነበር። አንድ ማታ እህቴ ራሷ ደወለችና ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣ «ብሩ ደርሷል። እማዬ የወለደችው ግን አንቺን ነው እንጂ ሐዋላ አይደለም» አለችኝ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ሌሊቱን ሙሉ ነደድኩ። በእኔ ላብ እየበላች! በእኔ ላብ ታክማ! ይህን ሁሉ ብዬ ብዬ ወደ ንጋት ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ደሞዝተኛዬ አድርጌያት ኖሬ፣ በዚያች ማታ ነው እህቴ የሆነችው። ደሞዝተኛ አሠሪዋን አትወቅስማ። እርዳታ ተቀባይም ለጋሹን አይወቅስም፤ ያመሰግናል፣ ፎቶ ይነሳል። ልትወቅስሽ የምትችለው እህት ናት።

እንግዲህ ከተሞቹንም በዚህ መለካት ጀመርኩ። ስንት ሳጥን መጽሐፍ መጣ አይደለም ጥያቄው። ባህር ዳር «የላክሽልኝ ማሽን አይሠራም፣ ሁለተኛ ሳትጠይቂኝ አትላኪ» ማለት ትችላለች ወይ? በልግስና የመጣ የሆስፒታል ዕቃ መለዋወጫ ወይም ባለሙያ አጥቶ ጥግ ላይ አቧራ ሲለብስ በብዙ አገር የታየ ነው። ተቀባዩ ግን አመስግኖ ዝም ይላል፤ ከተናገረ የሚመጣው የሚቀር ይመስለዋል።

ሌላም አለ። ሁለቱም የሐይቅ ዳር ከተሞች ናቸው፤ ክሊቭላንድ ኤሪ በሚባል ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ባህር ዳር ጣና ዳር። በክሊቭላንድ መሀል የሚያልፈው ካያሆጋ የሚባለው ወንዝ ከፋብሪካ በሚወጣ ዘይትና ቆሻሻ ተሞልቶ በሰኔ 1969 በእሳት ተያይዟል። ውኃ ነው የምላችሁ፣ ውኃ ነደደ! ኤሪ ሐይቅንም ሞቷል ይሉት ነበር። ነገሩ አገር አስደነገጠ፤ በ1972 ጠንካራ የውኃ ሕግ ወጣ፣ አሜሪካና ካናዳም ስለ ታላላቆቹ ሐይቆች ተፈራረሙ፣ ወንዙ ቀስ በቀስ ዓሣ ተመለሰበት። ጣና ላይ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ገብቷል። ገበሬው ታንኳ ላይ ሆኖ በእጁ ሲነቅል፣ ሳይጨርስ ከኋላው ሲበቅል በቪዲዮ ያላየ የለም። እህት ካለችሽ የምትጠይቂያት ይሄንን አይደል? «አንቺ ያን ጊዜ እንዴት ወጣሽው? ማን ላይ ጮኽሽ? ማን ከፈለ?» ይህ ከሳጥን መጽሐፍ ይበልጣል። እሷም እኮ የሚያሳፍር ታሪኳን ማውራት ይኖርባታል። ሀብታም እህት ገንዘቧን ከመስጠት ይልቅ ውርደቷን መንገር ነው የሚከብዳት።

ወቀሳው ሲመር ዝምድናውን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። የአማን እህት ያልኳችሁ ሺካጎ ከሞስኮም ጋር ተዛምዳ ነበር፤ በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ዝምድናውን አገደችው። ልክ ናት አይደለችም አልፈርድም። እኔስ እህቴ ጆሮ ላይ ስልክ ዘግቼ የለ?

አሁን ቆንጆ ቃል ያስፈራኛል ወዳልኳችሁ ልመለስ። መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት ማዳም በገባሁ ማግሥት እጄን ይዛ «ኢንቲ ምትል ኡኽቲ» አለችኝ፤ አንቺ ልክ እንደ እህቴ ነሽ። ብዙዎቻችሁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። ሴትየዋ ዋሸች አልልም። ልብሷን ሰጥታኛለች፣ ስታመም ሻይ በናዕናዕ አፍልታ አምጥታልኛለች። ደሞዜ ሁለት ወር ዘግይቶ «ማዳም፣ ብሬስ?» ያልኳት ቀን ግን ፊቷ ጠቆረ። «እህትማማች ሒሳብ ይተሳሰባሉ?» አለችኝ። አያችሁ? ቃሉ አፌን ሊዘጋበት ነው የተቀመጠው። ዮርዳኖስ በ2008 የቤት ሠራተኛን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ውስጥ አስገብታለች፤ በዚህ አካባቢ ካሉት አገሮች ቀድማ። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ ሠራተኛ ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል። አፍ ከሌላት እህት አፍ ያላት ሠራተኛ ትሻላለች፤ ያኔም እንዲህ ብዬ ነው ኮንትራቴን ስጨርስ የወጣሁት።

ሁለቱንም መሆን አይቻልም ወይ ካላችሁኝ ይቻላል። ቀጥሎ የሠራሁላቸው አሮጊት እንደ እህት ነሽ ብለውኝ አያውቁም። «ጨው አበዛሽ» ይሉኛል፤ እኔም «መድኃኒትዎን ደበቁ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይሳደባሉ፣ እኔ አኮርፋለሁ። ደሞዜ በወሩ መጨረሻ ትራስ ሥር ነው። ሲሞቱ እንደ ዘመድ አለቀስኩ።

አንዳንዴ ከስዌይለህ ፈጣኑን አውቶብስ ተሳፍሬ ወደ መሀል ከተማ ስሄድ፣ ስዌይለህና ባህር ዳር ቢፈራረሙስ እላለሁ። ስዌይለህ ዛሬ የታላቋ አማን አንድ ክፍል ናት እንጂ ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም፤ ይሁን፣ ሐሳብ ላይ ምን ይከለክላል? ይህች ሠፈር ራሷ እኮ ስደተኛ የቆረቆራት ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ከካውካሰስ ተራሮች ተሰደው የመጡ ቼቼኖችና ሰርካሲያኖች ናቸው መጀመሪያ የሰፈሩባት። በሰሜን በኩል ትንሽ ራቅ ብሎ ከ1968 ጀምሮ የፍልስጤማውያኑ የበቃዓ መጠለያ አለ። አገሩ ሁሉ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ጋር የተዛመደችው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፣ ሱቅ አላቸው፣ ዜግነት ያገኙት ድምፅ ይሰጣሉ። እኛ እዚህ ድምፅ የለንም። ግን ስዌይለህና ባህር ዳር ያለ ፊርማም ተዛምደዋል። የባህር ዳር ስንት ቤት ቆርቆሮ በስዌይለህ መጥረጊያ የተገዛ ነው! ስንት የስዌይለህ ሕፃን በአማርኛ እሽሩሩ ተኝቷል!

ቢፈራረሙ ኖሮ ውሉ ላይ የልዑካን ጉብኝት እንዲገባ አልለምንም ነበር። አንድ ጠረጴዛ ነው የምጠይቀው፤ የባህር ዳር ልጅ መጥታ «ሰባት ወር ሠርቼ አልተከፈለኝም» ስትል፣ የስዌይለህ ሴት ደግሞ «ልጄን ብቻውን ጥላው ወጣች» ስትል፣ ሁለቱም እስኪጨርሱ የሚሰማበት።

ይህን ጽፌ እዚህ ጋ ላቆም ነበር። ለጓደኛዬ ሳነብላት ግን «ጠረጴዛውን ከባህር ዳርና ከአማን ትጠብቂያለሽ፤ እኛ ቤትስ አለ?» አለችኝ። የምትለው ገብቶኛል። ስለዚህ የምፈራውን ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት በጾሙ ሰሞን አንዲት ልጅ አንድ ፌስታል ይዛ እኛ ቤት መጣች። ሰባት ወር ሙሉ ያልተከፈላት፣ ከቤት የወጣች። ወረቀቷ አልቆ ቅጣቱ እየተቆጠረ። እኛ አራት ሆነን በሁለት ክፍል ነው የምንኖረው። አስገባናት፤ እህታችን ናት አልን። ምንጣፍ ላይ አነጠፍንላት። ተባበርን፣ ካለችን ላይ አበላናት። በሁለተኛው ሳምንት ግን የቤቱ ባለቤት «ስንት ናችሁ?» እያለ መመላለስ ጀመረ። ፈራን። የእኔም ወረቀት ቢሆን ያን ያህል የጸዳ አልነበረም። በ19ኛው ቀን ሌላ ሠፈር ያሉ ልጆች ጋ እንድትሄድ ነገርናት። የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በዕድሜ ስለምበልጥ።

ፌስታሏን እያሰረች እንዲህ አለች፤ «እህት እህት ትላላችሁ። በር ላይ ጫማ ሥር ነው የተኛሁት። ‹ያቺ ልጅ› ነው የምትሉኝ። የእናቴን ስም አንዳችሁ እንኳ አልጠየቃችሁኝም።»

እኔም መለስኩላት። የመለስኩላትን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ማብላታችን አይበቃም?» አልኳት።

እስካሁን ያጫወትኳችሁ ሁሉ፣ ስለ ማዳምም ስለ ክሊቭላንድም ያልኩት፣ በዚያች አንድ ጥያቄ ውስጥ አለ። ልክ እንደ ማዳም ነው የተናገርኩት፣ ቋንቋው ብቻ ነው የተለየው። ቤቱ ጠቦን ነበር፣ ፍርሃታችንም እውነት ነበር፤ እንድትሄድ መንገራችን ላይ አሁንም ጥፋት አላገኝም። አራት ሰው ተይዞ ለአንድ ሰው ምን ይጠቅማል? ጥፋቴ ወቀሳዋን አለመስማቴ ነው። ልጅቷ ዳቦ አልጠየቀችኝም፣ ቆዩልኝ አላለችኝም። እህት ካላችሁኝ እህት የምትለውን ስሙኝ ነው ያለችው። የኮቨንትሪ ሴቶች 830 ስም ከአገር አገር ሲልኩ፣ እኔ በአንድ ጣራ ሥር ያደረችውን አንዲቱን በስሟ አልጠራኋትም።

አንዳንዶቻችሁ፣ ያበላ ሰው ደግሞ መወቀስ አለበት ወይ ትሉ ይሆናል። ባለፈው ዓርብም ይህንኑ ያለች አለች፤ «እንዲህማ ከሆነ በራችንን ማን ይከፍታል?» አለች። ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰው ሰጥቶ ከተሰደበ ይሰበራል። እኔም እህቴ ያለችኝ ሌሊት ተሰብሬያለሁ። ቢሆንም ያልተሰበርኩባቸውን ዓመታት አስታውሳለሁ፣ ሁሉም እሺ የሚለኝን። እነዚያ ዓመታት ደስ አይሉኝም።

ልጅቷን ከአንድ ወር በፊት በሰው በሰው አገኘኋት። በሰዓት ሥራ ይዛለች። ደወልኩላት፤ ዘጋችው። ጽሑፍ ላክሁላት። በሦስተኛው ቀን ራሷ ደወለችና ረጅም ጊዜ ተናገረች፤ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ብርዱ፣ አንድ ቀን ሽሮ ሲያንስ ማን ምን እንዳለ። አንዳንዱ እኔ እንደማስታውሰው አይደለም። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ማውራት ስትጨርስ «ገና አልጨረስኩም፣ ክሬዲቴ ሊያልቅ ነው» አለች። ዓርብ ስዌይለህ እመጣለሁ ብላለች።

የእናቷን ስም እስካሁን አላውቀውም። በስልክ ልጠይቃት ፈለግሁና ተውኩት።